ፊቷን ብቻ

«ሌላው እንዳለ ይሁን» አለች ሴትየዋ። «ፊቷን ብቻ ይቀይሩልኝ።»

ሰዓሊው የሰማው ነገር ወዲያው አልገባውም። ጠዋት ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ የአንድ ዳቦ ቤት ማስታወቂያ ላይ እንደተደፋ ነው። ቆርቆሮው በሁለት ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ «ዳ» አልቃ «ቦ» ልትጀመር ስትል፣ ሴትየዋ ሰላም እንኳ ሳትል በአጠገቡ አልፋ ሄዳ የኋላው ግድግዳ ፊት ተገተረች። ደንበኛ መስላው «መጣሁ እህቴ» ብሎ ብሩሹን የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ውስጥ እስኪነክር ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። የምታየው ግድግዳው ሥር ለመድረቅ የቆመውን ሥዕል ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰዓሊውን ደስ አለው። ሥዕሉን እዚያ ካቆመው ወዲህ ሱቁ የገባ ሰው ሁሉ «ልጅህ ናት? ታምራለች» ይልና ወደ ራሱ ጉዳይ ይዞራል እንጂ ይህን ያህል ጊዜ ፊቱ የቆመ አልነበረም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የሴትየዋ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየ።

ሥዕሉ ላይ ያለችው የስምንት ዓመት ልጁ ናት። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ሰማያዊ ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ሹራቧን ደርባ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። ፀጉሯ ለሁለት ተጎንጉኗል፤ አንደኛው ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዶ ተጠቅልሏል። ስላቀረቀረች ፊቷ በግማሽ ጥላ ውስጥ ነው፤ ግንባሯን፣ የአፍንጫዋን ጫፍና ሊናገር ፈልጎ የተወ የሚመስለውን አፏን ብቻ ብርሃን ነክቷቸዋል። ሰዓሊው እዚህ ሱቅ ውስጥ «ጎማ እንነፋለን»፣ «ፀጉር እናስተካክላለን»፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» እያለ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ለራሱ ብሎ ብሩሽ ካነሳ ቆይቷል። ይህችን ግን እሁድ እሁድ ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ፣ ልጁን ከመስኮቱ ሥር አስቀምጦ ነው የሠራት። አፉን ሞልቶ ለሰው ባይናገረውም፣ እስከዛሬ ከእጁ ከወጣው ሁሉ ደህና ነገር ይህ ብቻ መሆኑን ያውቃል።

«ከመንገድ ማዶ ሳያት ልጄ መሰለችኝ» አለች ሴትየዋ፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳታነሳ። «በዚህ በር ስንቴ አልፌያለሁ። ዛሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ልጠራት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

ምኑ ትዝ እንዳላት መጠየቅ አላስፈለገውም። አሁን ለያት። የዚህ መስመር አውቶቡስ ሹፌር ሚስት ናት፤ በመጀመሪያው ፈተና ሰሞን ትኩሳት ይዟት ሰው ሳያስበው ያረፈችው ልጅ እናት። ሰዓሊው ለቅሶ ደርሷል። ደጅ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ፣ ለአባትየው እንደማንም «እግዜር ያጥናህ» ብሎት ወጥቷል። እናትየውን ያኔ በሴቶች ተከባ ከሩቅ ነበር ያያት። ልጅቷን ግን በሕይወት ሳለች አንድም ቀን ልብ ብሎ አላያትም። ከትምህርት ቤቱ በር እንደ ጎርፍ ከሚወጡት ባለ ሰማያዊ ሸሚዞች አንዷ ነበረች።

«አንድም ፎቶ የለኝም» ስትል ቀጠለች። «የባለቤቴ እህት መጥታ ቤቱን አጸዳችው። ልብሷን፣ ጫማዋን፣ ደብተሮቿን፣ ሁሉንም። ስልኬ ላይ የነበረውን ሳይቀር አስጠፋችው። ለኔ ስትል ነው አሉኝ፤ እያየች ከምትቃጠል አሉ። እኔ ደግሞ ያኔ እህ ብዬ የምሰማ ሰው አልነበርኩም። አሁን ጠዋት ስነሳ ዓይኗ ይመጣልኛል፤ ግንባሯም ይመጣልኛል። አገጯ ጠፋብኝ። የገዛ ልጄ አገጭ! እኔ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ይሥሩልኝ። የጠየቁኝን እከፍላለሁ።»

ሰዓሊው አንድ ነገር መናገር ስለነበረበት ብቻ፣ «እህቴ፣ ይቺ እኮ የኔ ልጅ ናት፤ በሕይወት ያለች» አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ መልሶ ቢውጠው በወደደ ነበር። ሴትየዋ ግን አልተቀየመችም።

«አውቃለሁ፤ እግዜር ያሳድግልዎ» አለች። «ለዛ እኮ ነው የምለምንዎት። እርስዎ ሌላ ይሥላሉ። ደግማ ትቀመጥልዎታለች።»

አዲስ ሸራ ወጥሮ፣ እሷ እየነገረችው፣ ከባዶ ሊሠራላት እንደሚችል ነገራት። ራሷን ነቀነቀች። «ከባዶ ከየት ትመጣለች?» አለች። «ጥናት ስታጠና አንገቷን የምትደፋው እንዲህ ነው። ሹራቡ ይኸው ነው፤ ጉንጉኑ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ልትመጣ ምንም አልቀራትም።» ይህን ያለችው ልክ በር ላይ ቆሞ ግቢ የሚለውን ቃል ስለሚጠብቅ ሰው እንደሚወራ ነበር። ሰዓሊው እምቢም እሺም ማለት አቃተው። አመሻሽ ላይ ብቅ ይበሉ፣ አስቤ ልንገርዎት አላት። አመስግናው ወጣች። እሱም ወደ «ቦ» ተመለሰ፤ ነገር ግን ፊደሏ ሦስት ጊዜ ተጣመመችበትና ጨርቅ አንስቶ ጠረጋት።

ምሳ ሰዓት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እንደወትሮዋ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። አልጋውና ሶፋው ሁሉ ባልተቆለፉ ሰማያዊ ሸሚዞች ተሸፍኖ፣ ቤቱ ገና ልጆች ያልገቡበት ክፍል ይመስላል። ሁለት ሸሚዝ አንስቶ ሌሎቹ ላይ ደርቦ ተቀመጠ። ልጃቸው ጓዳ እጇን እየታጠበች ነበር። ሰዓሊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠዋቱን ነገር አንድ በአንድ ነገራት። ሚስቱ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

«እና ምን አልካት?»

«አስባለሁ አልኩ።»

«ምኑን ነው የምታስበው?» አለች። «ቀለም እኮ ነው ሰውዬ። ያንተ ልጅ ይኸው ጓዳ ሳሙና እያባከነች ነው። የሷን ልጅ ማን ይመልስላታል? አንድ ፊት ብትሰጣት ምንህ ይጎድላል?»

«ደግሜ እንደዛ የምሥል አይመስለኝም።»

«እንደዛ በለኛ። ለሥዕሉ ነው የሳሳኸው እንጂ ለልጅህ አይደለም።»

ግማሹ እውነት ነበር። ጠዋት ሴትየዋ «ፊቷን» ስትል መጀመሪያ የታየው የልጁ ፊት አልነበረም። የታየው ያ ጥላና ያ ብርሃን ነበር፤ ስንት እሁድ ሲሠራና ሲፍቅ ከርሞ በመጨረሻ እንዴት እንደመጣለት ራሱም የማያውቀው የከንፈሯ ጠርዝ። ዳቦውን ቆረሰ። ያኔ ነው ልጅቷ እጇን እያንጠባጠበች ጓዳው በር ላይ መቆሟን ያየው። ምን ያህል እንደሰማች ከፊቷ ማወቅ አይቻልም ነበር።

«የሬዲዮ እናት ናት?» አለች።

«የማን?»

«ሬዲዮ። የሞተችው። ክፍል ውስጥ እንደዛ ነው የምንላት። አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው።»

ሰዓሊው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ የያዘችውን እጅጌ እያቃናች፣ «እኔ አውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ፤ «ላንተም የነገረችህ መስሎኝ።» እሱ አላወቀም ነበር። ከሬዲዮ ሞት በኋላ ባሉት እሁዶች ሁሉ የገዛ ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጠበብ ሰፋ እያደረገ፣ የግንባሯን መጨማደድ እስኪለካ ድረስ አይቷታል። ያ አፍ ሊናገር ፈልጎ ሲተው እያየ ነው የሣለው። ደስ ብሎትም ነበር፤ ጥሩ አቀማመጥ ነው ብሎ።

«ለምን አልነገርሽኝም ሚጣ?»

«አልጠየቅከኝማ» አለች ልጁ። «አትንቀሳቀሺ ነው የምትለኝ።» ቂም አልነበረባትም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው። መጥታ ከጎኑ ተቀመጠችና ዳቦዋን አነሳች፤ ሳትጎርሰው መልሳ አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ፊቴን ስታጠፋው እኔ የት እሄዳለሁ?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ሊነሳ ሲል ቆመ። ሚስቱ መቀሷን ፈልጋ አነሳችና ምንም ሳትቆርጥበት ያዘችው። ከዚያ በኋላ በዚያ ገበታ ላይ ስለ ሥዕሉ የተናገረ የለም፤ ጨው አቀብይኝ፣ ውሃ ጨምሪ እየተባለ ምሳው አለቀ። ሰዓሊው ሊወጣ ሲል ግን ሚስቱ እስከ በሩ ሸኘችውና፣ «ባልየውን ጠይቀው» አለችው። «የስምንት ዓመት ልጅ ኖራ ፎቶ የለም የሚባል ነገር አይገባኝም። የሆነ ቦታ አንድ አይጠፋም።»

ልጁን ትምህርት ቤት አደረሳት። በመንገድ ላይ አሁን አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ ጠየቃት። ማንም፣ አለች፤ ቦርሳዬን ነው የማስቀምጠው። በሩ ላይ እጁን ለቃ ከመሰሎቿ መሃል ገባች፤ ከመቅጽበትም ጠፋችበት። ሰማያዊ ሸሚዝ ከሰማያዊ ሸሚዝ ሊለይ አልቻለም። ያቺ እናት ከመንገድ ማዶ ሆና ምን እንዳየች የገባው እዚያ ቆሞ ነው።

መናኸሪያው በዚያ ሰዓት ጭር ያለ ነው። አውቶቡሶቹ ጥላ ተሻምተው ቆመዋል፤ ተራ አስከባሪው የብረት ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወንበሩ ላይ ያንጎላጃል። ሹፌሩን ለማግኘት አልተቸገረም፤ በመኪናው ጎን ላይ ያለውን የመስመር ቁጥር የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ሹፌሩ መሪውን ተደግፎ መንገደኛ እስኪሞላ ይጠብቃል። ሰፋ ያለ ትከሻ ያለው፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። ሰዓሊውን ሲያየው የጋቢናውን በር ከፈተለት።

«ቁጥሩ ለቀቀ እንዴ?» አለው ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«ቁጥሩ ይኖራል። ሚስትህ ጠዋት እኔ ጋ መጥታ ነበር።»

ሹፌሩ ፈገግታውን ተወው። ሰዓሊው እንደምንም ብሎ ነገሩን ተናገረ፤ ሥዕሉን እንዴት እንዳየች፣ ምን እንዳለችው፣ አገጯ ጠፋብኝ እንዳለች። ሹፌሩ ከመስታወቱ ውጪ ያለውን ባዶ አስፋልት እያየ አዳመጠው። ሰዓሊው ጨርሶ፣ «የልጅህን ፊት በልጄ ፊት ላይ ልደርብ አልችልም» አለ። «ግን አንድ ፎቶ ቢገኝ ለብቻዋ እሠራላታለሁ፤ ያለኝን ችሎታ ሁሉ አሟጥጬ። እውነት አንድም የለም?»

«የለም» አለ ሹፌሩ። አፉ ይህን ሲል ቀኝ እጁ ግን ከመሪው ተነስቶ በግንባሩ በላይ ወዳለው የፀሐይ መከላከያ ሄደ፤ እንደሚሸፍን ሰው መዳፉን ለጠፈበት። ሁለቱም እጁን አዩት። ሹፌሩ ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር ስላልነበረ፣ መከላከያውን ወደ ታች ገለበጠው።

ፎቶው በላስቲክ ተይዟል። ልጅቷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ይህንኑ መሪ በሁለት እጇ አንቃ ይዛ፣ አፏ እስከ ጆሮዋ ተከፍቶ ትስቃለች። ከላይ አንድ ጥርስ ጎድሏታል። ሰዓሊው እንደ ሙያው ወዲያው አገጯን ፈለገ፤ ሹል ብሎ መሃሉ ጎድጎድ ያለ አገጭ ነው። በእሱ ሥዕል ላይ ካለችው አንገቷን ከደፋች ልጅ ጋር ከሸሚዙና ከጉንጉኑ በቀር አንድ የሚያመሳስላት ነገር አልነበረም።

«እህቴ ናት ሁሉን ሰብስባ የወሰደችው» አለ ሹፌሩ። «ሰው ሁሉ ልክ ናት አለኝ። ሚስትህ ታብዳለች አሉኝ። ይቺን ብቻ ደበቅኳት።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«እሷ አትችለውም።»

«አንተ ትችለዋለህ?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለ ሹፌሩ፤ መልስ ይሁን አይሁን ለራሱም ያልታወቀው ይመስል ነበር። «ጠዋት ተራ ሳልይዝ አያታለሁ። እንዲህ መንገደኛ ሲጠፋም አያታለሁ። ቤት ስገባ ስለሷ አናወራም። አንዴ ከጀመርን የሚያቆመን የለም ብዬ ነው። እሷም አታነሳብኝ፤ ስታለቅስም አይቻት አላውቅ። ተረጋግታለች ብዬ ነበር።»

«ዛሬ የማታውቀው ሰው ሱቅ ውስጥ ቆማ አልቅሳለች» አለው ሰዓሊው። «የሰው ልጅ ሥዕል አይታ።»

ሹፌሩ መከላከያውን መልሶ ገፋው። የኋላ ወንበሮች እየሞሉ ነበር፤ አንዲት እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሂሳብ ታዘጋጃለች፣ አንድ ሽማግሌ መስኮቱ አልከፈት ብሎት ይታገላል። ተራ አስከባሪው ነቅቶ ፊሽካውን ነፋ። ሹፌሩ ቁልፉን አዞረና፣ ወደ ሰዓሊው ሳይመለከት፣ «ውረድ፣ ተራዬ ነው» አለ። ሰዓሊው ወርዶ በሩን ሲዘጋ ደግሞ በመስኮቱ ብቅ አለና ድምፁን ቀንሶ፣ «እንዳትነግራት» አለው።

«አልነግራትም። የመንገሩ ጉዳይ ያንተ ነው» አለ ሰዓሊው። «ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽላትም።»

ሱቁ ተመልሶ የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ ጨረሰና ወደ ውጪ አውጥቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ከዚያም ሥዕሉ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እምቢ ማለት በመናኸሪያው ቀላል ነበር፤ እዚህ ግን ሴትየዋ ቆማበት የነበረው ቦታ ባዶውን ያየዋል። ሙያው ሙያ ነውና፣ ቢፈልግ እንዴት እንደሚሠራው ታየው። አገጩን ትንሽ ማሾል፣ ጥላውን ከጉንጯ ላይ ማንሳት፣ ከንፈሯን መለወጥ። ከሰዓት በኋላ የምታልቅ ሥራ ናት። መፋቂያውን አንስቶ በአውራ ጣቱ ስለቱን ዳሰሰው። ሚስቱ ያለችው ትዝ አለው፤ ለሥዕሉ ነው የሳሳኸው። አዎ፣ ሳስቷል። ነገር ግን ያንን አፍ ለብቻው አተኩሮ ሲያየው ሌላ ነገር ታየው። ይህ ፊት ጓደኛዋ የሞተባት ልጅ ፊት ነው። ለማንም ሳትናገር ስንት እሁድ ይዛው የተቀመጠችው ነገር እዚህ ላይ አለ። እሱ ሳያውቀው ሥሎታል። ይህን ፍቆ ሌላ ፊት መሥራት፣ ለሞተችው ልጅ ያዘነውን አንድ ሰው ማጥፋት ነው። መፋቂያውን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ዘጋው።

ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቦርሳዋን ሳታወርድ ሥዕሉን ሄዳ ማየት ነበር። ቀረብ ብላ አየችውና ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ በኋላ ማዕዘን ላይ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን አወጣች። ከመንገዱ የሚገባው ብርሃን ቢጫ ሆነ። ሴትየዋ ስትመጣ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ ነበር፤ ቀጠሮ እንዳለበት ሰው።

ሰዓሊው ነገሩን አላስረዘመውም። «አልችልም እህቴ» አላት። «ይቅር ይበሉኝ።»

ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ አንድ የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ አለች። «ባለቤቴን አግኝተውታል?» አለች። «እሱ ነው እምቢ በላት ያለዎት?»

«አግኝቼዋለሁ። እምቢ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለች። እሺ ያለችበት ድምፅ ከልቅሶ ይከፋ ነበር። ዓይኗን ወደ ሥዕሉ መለሰች፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልታይ። «አንገቷን እንዲህ ደፍታ ስትጽፍ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«ሬዲዮ አትጽፍም ነበር እኮ» አለች ልጅቷ ከማዕዘኑ።

ሰዓሊው ዝም በይ ሊላት ዞረ። ከዚያ ተወው። ሴትየዋ ቀና አለች፤ «ማን ናት ሬዲዮ?»

«ልጅዎ። ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ነበር የምንላት፤ ወሬ ስለማታቆም። አትጽፍም ነበር፤ ከኔ ነው የምትገለብጠው። እኔ ስሳሳት እሷም ትሳሳታለች፣ ከዛ በኔ ትናደዳለች።»

«ወሬ?» አለች እናትየው። «የኔ ልጅ? ቤት ውስጥ እኮ ዝምተኛ ናት።»

«ወይ!» አለች ልጅቷ፤ ከልቧ ተገርማ ነበር። እርሳሷን አስቀምጣ መጣችና ሴትየዋ ፊት ቆመች። አስተማሪያቸው ወደ ሰሌዳው ስትዞር ሬዲዮ እንዴት ድምጿን ታስመስል እንደነበር ነገረቻት። የማባዣ ሰንጠረዥ ሲባል እንዴት ከንፈሯን ብቻ እንደምታንቀሳቅስ፣ አንድ ቀን ሁለቱም ሲስቁ ተይዘው ውጪ ሲቆሙ «አየር ለመቀበል ነው የወጣነው» ብላ ለዳይሬክተሩ እንደመለሰችላቸው ነገረቻት። የላይኛው ጥርሷ ክፍል ውስጥ ወልቆባት በወረቀት ጠቅልላ ስታስጎበኝ እንደዋለች፣ ለማየት እርሳስ ታስከፍል እንደነበር ነገረቻት። እናትየው ሁለት እጇን ጉልበቷ መሃል ከታ ነበር የምትሰማው፤ ሳታቋርጥ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ወደፊት አዘንብላ። እርሳሱ ጋ ሲደርስ ድንገት ሳቀች። የሳቋ ድምፅ ራሷን አስደነገጣትና አፏን በእጇ ያዘች። «ያ ሁሉ እርሳስ!» አለች። «ቦርሳዋ ሙሉ እርሳስ አግኝቼ ከየት ሰረቅሽ ብዬ ተቆጥቻት ነበር። አልነገረችኝም እኮ። አልነገረችኝም!» እንባዋ ወረደ፤ ግን እያለቀሰችም፣ «ሌላስ?» አለች። «ሌላስ ምን ትል ነበር?»

ሰዓሊው የአውቶቡሱን ሞተር አልሰማም ነበር። ቀና ሲል ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሟል። ስንት ደቂቃ እንደቆመ አይታወቅም። ባዶው መኪና ከኋላው መንገዱ ዳር ቆሟል፤ ረዳቱም መንገደኛም የለበትም። ሴትየዋ ባሏን ስታይ እንባዋን ለመጥረግ ቸኮለች፤ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ሰው።

«አትጥረጊው» አለ ሹፌሩ።

ከሸሚዝ ኪሱ ፎቶውን አወጣ። መስጠቱ ከብዶት እጁ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ተነስታ እሷ ተቀበለችው። ለረጅም ጊዜ ያየችው ፎቶውን ሳይሆን እሱን ነበር።

«የት ነበር?»

«መኪና ውስጥ።»

«ከመጀመሪያ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያ ጀምሮ።»

ሰዓሊው ልጁን ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት። ጩኸት ይመጣል ብሎ ነበር፤ ቢመጣም የሚገባ ነበር። ሴትየዋ የፎቶውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ እያሸች ቆመች። የላስቲኩ ምልክት ወረቀቱ ላይ ሰርጉዷል።

«ብቻህን?» አለችው በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ነበር የምታያት?»

በዚያች አንድ ቃል ውስጥ ንዴቱም ነበረበት፣ ሐዘኔታውም ነበረበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሷም ያወቀችው አይመስልም። ሰዓሊው፣ ከፈለጉ ከዚህ ፎቶ ላይ እንደሚሠራላቸው፣ ለክፍያም እንዳያስቡ ተናገረ። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ወደ ፎቶው አወረደች።

«አሁን አይደለም» አለች። «መጀመሪያ እኔ ልያት።»

ከመውጣቷ በፊት ልጅቷን ጎንበስ ብላ ሳመቻት፤ ግንባሯን ሁለቴ። ከዚያ ከባሏ ቀድማ ወጥታ የጋቢናውን በር በራሷ ከፍታ ገባች። ሹፌሩ ዞሮ በወንበሩ ተቀመጠ።

ሰዓሊው ብሩሾቹን አጥቦ፣ ማስታወቂያውን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ሱቁን ሲቆልፍ አውቶቡሱ እዚያው ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ይታያሉ። ሹፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል፤ ያ ሰፊ ትከሻ ይነሳል ይወድቃል። ሴትየዋ ፎቶውን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በሌላው እጇ ጀርባውን ታሻለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ስለ እርሳሶቹ እየነገረችው ይመስላል።

«አባዬ፣ እያለቀሰ ነው?»

«አዎ።»

«እሷስ?»

«እሷ እያባበለችው ነው» አለ ሰዓሊው፤ የልጁንም ቦርሳ ከትከሻዋ ተቀብሎ፣ በመኪናው ፊት ለፊት ላለማለፍ ሲል መንገዱን በኋላ በኩል አሻገራት።